ያረፈደችውን ልጅ በሰዓቷ ገብታለች ብዬ ፈረምኩላት፣ ምሕረት ነው ወይስ ውሸት?

ሰላም ለዚ ቤት ሰዎች። ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 24 ስለደረሰና አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለሚሰለቸው፣ ግማሹ ደሞ ስለ ባጃጅና ስለ ዓሣ ስለሆነ (ጥፋቱ የኔም ነው፣ እኔም ስመልስ ነበር)፣ የተባባልነውን በራሴ አፍ ልጻፈው ብዬ ነው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ የገባኝን ነው የምጽፈው፣ ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ይቆጣኝ።

መጀመሪያ ነገሩ። ሀዋሳ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው፣ ፋብሪካውን ተዉት። የአንድ ላይን (የስፌት መስመር) ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ 38 ሰው አለኝ፣ ከሁለት ሦስቱ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሥራ የሚጀመረው ጠዋት 1፡00 ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ግን ሰባት ስምንት ሆነን ቀደም ብለን ገብተን ከካፌው ጀርባ እንጸልያለን። ሰኞ ዕለት የመግቢያ ሰዓት የሚይዘው አሻራ ማንሻ ማሽን ተበላሸ። እሱ ሲበላሽ በወረቀት ነው የምንይዘው፣ ስም፣ የገቡበት ሰዓት፣ ፊርማ፣ ከታች የኔ ፊርማ። 1፡25 ላይ አንዷ ልጅ እየሮጠች ገባች፣ የአንድ እግር ጫማዋ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች። ልጇን የምትይዝላት ሴትዮ ታማባት ጎረቤት ስትለምን ሰርቪሱ አምልጧት ከዳቶ ሰፈር በእግሯ ነው የመጣችው። እኛ ጋ አንድ ቀን ያረፈደ የወሩን የአቴንዳንስ ቦነስ ያጣል። እስኪብርቶው እጄ ላይ ነበር፣ 1፡00 ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝም ዋልኩ፣ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ሳንጎራጉር ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከሷ ቀጥላ የምትቀመጠው ልጅ ኮሌታ እየሰፋች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ ባለፈው ሳምንት ስምንት ደቂቃ ሳረፍድ ማሽኑ ያዘኝ፣ ማሽን ምሕረት አያውቅ ምን ይደረግ አለችኝ። በቃ ይሄው ነው። መዝሙሩ ጠፋብኝ፣ ማታ ቤት ገብቼ መጸለይም አቃተኝና ስልኬን አንስቼ እዚ ለጠፍኩት። ክርስቲያን የሆነ አለቃ ምን ማድረግ ነበረበት ነው ጥያቄዬ።

1ኛዋ መላሽ አስር ደቂቃ አልቆየችም። ባረከችኝ፣ የሚምሩ ብፁዓን ናቸው የሚለውን ከማቴዎስ 5 ጠቀሰችልኝ፣ ሰንበት ለሰው እንጂ ሰው ለሰንበት አልተፈጠረም፣ ሰዓትም እንደዛው ነው አለች። እውነቱን ለመናገር እዛ ላይ ክሩን ዘግቼ መተኛት አምሮኝ ነበር።

2ኛው አዳማ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። በጣም በጨዋ ደንብ ወንድሜ እያለ ጀመረና ቀስ አድርጎ አስቀመጠልኝ። ቦነስ ብር ነው፣ አንተ የፈረምከው ለሷ ማዘንህን አደለም፣ ያልነበረ ሰዓት መኖሩን ነው፣ ነገ ኦዲት ቢመጣ ደሞ የምትባረረው አንተ እንጂ እሷ አደለችም አለኝ። ይሄን ካለ በኋላ ሕግ ውስጥ ገባ፣ አንድ ሠራተኛ በተከታታይ አምስት ቀን ከቀረ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል ምናምን እያለ። 3ኛው እሱን ለማረም ብቻ የገባ ይመስላል። የጠቀስከው የድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/96 ነው፣ እሱ ተሽሯል፣ አሁን የሚሠራው 1156/2011 ነው ብሎ ቁጥሩን ደረደረው። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ነው ያለማስጠንቀቂያ (የመሰናበቻ ጊዜ ሳይሰጠው) የሚሰናበተው። ስለዚ ልጅቷ በአንድ ቀን ማርፈድ እንጀራዋ አልተነካም፣ የተነካው ቦነሷ ነው፣ ቦነስ ደሞ የፋብሪካው የሥራ ደንብ ጉዳይ ነው፣ ለመሆኑ ደንባችሁን አንብበኸው ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላነበብኩትም ነበር። ሁለት ዓመት ሱፐርቫይዘር ስሆን የሽያጭ መጽሔት እስኪመስል ድረስ ዴስኬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እመለስበታለሁ።

4ኛው ኦርቶዶክስ ነኝ ብሎ ነው የጀመረው፣ ጥሩ ነገር ነው የጻፈው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል እየነከሩ ሲያጥቡ ልጅ ሆኖ ገብርኤል ቅጥር ግቢ የቆመበትን ነገረን፣ ቤት ገብቶ ጉልባን መብላቱን ሳይቀር። የሱ ነጥብ ጌታ ከራት ተነስቶ ልብሱን አኑሮ ማበሻ ጨርቅ የታጠቀው ራሱ ነው፣ ውሃውን የቀዳው ራሱ ነው፣ ደሞ ያጠበው የሚወደውን ዮሐንስን ብቻ ሳይሆን አሳልፎ የሚሰጠውንም ነው የሚል ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር በኋላ ነው የገባችኝ።

ግን ማን ያዳምጣል። 5ኛው ተነስቶ በዓመት አንዴ እግር ማጠብ ሥርዓት ነው፣ ሕይወት ነው የሚያስፈልገው አለ፣ 6ኛው በበኩሉ እናንተም እሁድ እሁድ በማይክ ስትጮሁ ሰኞ ሠራተኛ ላይ ትጮሃላችሁ አለው፣ ከዛ ስለ ታቦትና ስለ ጊታር ሆነ። በ7 ቁጥር አወያዩ ገብቶ የ5ኛውንም የ6ኛውንም ግማሽ አጠፋና ክሩ ስለ ሰዓት ፊርማ ነው ብሎ ወጣ። እኔ በግሌ ሁለቱም ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም።

8ኛዋ የሆቴል ማድቤት ኃላፊ ናት፣ ሐይቁ ዳር ካሉት አንዱ ጋ። አንዲት ሳህን አጣቢ ነበረቻት፣ በየሳምንቱ ሳህን ትሰብራለች፣ የተሰበረ ደሞ ከደሞዝ ይቆረጣል። ይቺ ኃላፊ አሳዘነቻትና ለሦስት ወር ከራሷ ኪስ ከፈለችላት። ልጅቷ ምንም አልተሻላትም። አንድ ቀን ሰው ጎደለና ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ ማጠቢያው ጋ ቆመች፣ ለካ ከእግር ስር ያለው የፍሳሽ ክዳን ተሰንጥቆ ውሃው ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ሳህን ተሸክመሽ ዞር ስትይ ትንሸራተቻለሽ። ክዳኑ ተቀየረ፣ ሳህኑ መሰበሩን አቆመ። ሦስት ወር ሙሉ ሳህን ከምከፍል አንድ ቀን ሳህን ባጥብ ኖሮ ብላ ነው የጨረሰችው። ስለ ቆረጣው ደሞ 3ኛው ተመልሶ መጥቶ ከሠራተኛ ደሞዝ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ መቁረጥ እንደማይቻል፣ ቢቆረጥም ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ እንደሌለበት ጨመረ። ሰውየው ሕግ ሲያይ እጁን መሰብሰብ አይችልም፣ ተባረክ ብያለሁ።

9 ቁጥር ላይ ነው የተያዝኩት። አንዲት ሴት ናት፣ አንድ መስመር ብቻ፣ ሁለቱ ልጆች ሁለቱም ሐሙስ ከናንተ ጋ ይጸልያሉ ወይ ብላ ጠየቀች።

አይጸልዩም። ጫማዋ የተበጠሰው ትጸልያለች፣ እንደውም ጸሎት የምታስጀምረው እሷ ናት። ያቺኛዋ ማተብ ያሰረች ናት፣ ከኛ ጋ ቆማ አታውቅም። ይሄን መጀመሪያ ስጽፈው ትቼዋለሁ፣ ሆን ብዬ ነው ወይስ ረስቼ እኔም እስካሁን እርግጠኛ አደለሁም። አንድ ሰዓት ያህል ስልኩን ይዤ ቆይቼ አዎ እውነት ነው ብዬ መለስኩ። ያቺኛዋ ስምንት ደቂቃ ያረፈደች ቀን ማሽኑ ይሠራ ስለነበር የማደርገው ነገር አልነበረም ብዬም ጨመርኩ፣ ሴትየዋ ግን ማሽኑ ባይሠራ ኖሮ ታደርገው ነበር ወይ ብላ ሁለተኛ ጠየቀችኝ። እሱን አልመለስኩም።

10ኛው ይሄን ሲጠብቅ የነበረ ነው የሚመስለው። ዘለፈኝ፣ ይገባኛል፣ ግን ከኔ አልፎ የራሱን ቁስል ነው የተናገረው። እሱ ጋ አለቃው ሰኞ ስብሰባ የሚከፍተው በጸሎት ነው፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ የምትለዋ የቆላስይስ ጥቅስ በፍሬም ተሰቅላለች። ለኦቨርታይም ግን የሚሰጣቸው ዳቦና ሻይ ነው። ሕጉን በጣቱ ቆጠረልን፣ ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ከዛ ጥቅሱን የሰቀለው ሰውዬ አንድ ገጽ ቢገልጥ ምዕራፍ 4 ቁጥር 1 ላይ ጌቶች ሆይ ለባሪያዎቻችሁ በጽድቅና በቅንነት አድርጉ የሚለውን ያገኝ ነበር፣ እሱን ፍሬም ውስጥ ያስገባ አለቃ እስካሁን አላየሁም አለ። ያዕቆብ 5፡4ንም መታበት፣ የተቀማ ደሞዝ ይጮኻል የሚለውን። ድርጅቱን ጥራልን ያሉ ነበሩ፣ አወያዩ ከለከለ፣ ጥሩ አደረገ።

11ኛው ግን ለአለቆች ሊያዝን ነው የመጣው። አቶቴ አካባቢ እንጨት ቤት አለው፣ ስድስት ሠራተኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚከፍለው። አንዱ ደንበኛ ቁምሳጥን አሠርቶ ወስዶ ቀሪውን ሳይከፍል ስልክ ዘጋበት፣ ቅዳሜ ደረሰ፣ ካዝናው ውስጥ የጥፍር ቆሻሻ የለም። የእቁብ ዳኛውን ለምኖ የአንዷን ሴትዮ ዕጣ ቀድሞ ወሰደ (ሴትየዋን ራሷን ሄዶ ለምኗል፣ ቡና አፍልታ እያጠጣችው)፣ ከፈላቸው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ እስከ ነገ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር የሚለው ዘሌዋውያን 19 ላይ ስላለ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነው ያለው። እስከዛሬ አንዳቸውም አያውቁም። ግን ይሄንኑ ሰው ወደድኩት ምክንያቱም ወዲያው ራሱን አጋለጠ፣ ሰኞ ዕለት አንዱ ልጅ ኤምዲኤፍ ጣውላ በስህተት አሳጥሮ ሲቆርጥበት ሰው ፊት አንገቱን እስኪደፋ ሰድቦታል። ቅዳሜ የከፈልኩትን ሰኞ አስመለስኩ አለ።

ከ12 እስከ 14 ያለውን ዝለሉት። ሰርቪስ ያመለጠው ሰው ከዳቶ በባጃጅ ስንት ይከፍላል ተብሎ ተጀመረ፣ ኮንትራት ነው ወይስ በሰው ተብሎ ተጨቃጨቁ፣ ከዛ አንዱ ስለ አሞራ ገደል ዓሣ ዋጋ አነሳ፣ እኔ ራሴ ድሮ ጥሬውን በዳጣ ስንበላ የነበረበትን ዘመን ጻፍኩ። ቁም ነገር ያለው አንድ ነገር ቢኖር 13ኛዋ በ2014 አሜሪካ የአጎዋን (ያለ ቀረጥ አሜሪካ የመሸጥ) ዕድል ከኢትዮጵያ ስታነሳ የእህቷ ላይን እንዴት እንደተበተነ የጻፈችው ነው። ልብስ ስፌት ላይ ያለች ልጅ ሃያ አምስት ደቂቃ አርፍዳ ጫማ በእጇ ይዛ የምትሮጠው ለቦነሱ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ያንን ጊዜ ያየች ናት አለችኝ።

15ኛው የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ ብሏል፣ ትንሽ ያስረዝማል፣ ግን ዘጸአት 18ን ያመጣው ጥሩ አድርጎ ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ አንተም ትዝላለህ ሕዝቡም ይዝላል፣ የሺ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የአስር አለቃ ሹም አለው። ዮቶር የምድያም ካህን ነው፣ የውጭ ሰው፣ ሙሴ ግን ምክሩን ሰማ። ለ38 ሰው አራት የአስር አለቃ ቢኖርህ ያቺ ልጅ ገና ጎረቤት ስትለምን አንዷ ትደውልልህ ነበር ነው የሚለው። ከስሩ አንዱ ዮቶር ካይዘን (የጃፓኖቹን የሥራ አመራር) ሰልጥኖ ነው ብሎ ቀለደ፣ ሳቅሁ። ግን ማታ ደብተር አውጥቼ የ38ቱን ስም ጻፍኩና ልጅ ያላት ማናት፣ ከማን ጋ ነው የምትኖረው ብዬ መሙላት ጀመርኩ። አስራ አንድ ላይ ቆምኩ። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን የማውቀው አስራ አንዱን ነው፣ ከነሱ ሰባቱ የሐሙሶቹ ናቸው።

16ኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ አንቱ ልበላቸው፣ አጻጻፋቸውም አንቱ ያሰኛል። ስለ ፊርማው ምንም አላሉም። ያን ማታ መጸለይ ያቃተህ ጊዜ ምን አደረክ ብለው ነው የጀመሩት። እሳቸው ዋርድ ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ትንሽ ደብተር ነበረቻቸው፣ ማታ ማታ የዛን ቀን ያስቀየሙትን ሰው ስም ይጽፉባታል፣ ጠዋት ጋዋን ሳይለብሱ መጀመሪያ እሱ ሰው ጋ ይሄዳሉ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ቃል እንዲህ ነው የተማርኩት ይላሉ። ኪዳን አድርሶ መምጣት ቀላል ነበር፣ ኮሪደሩን አቋርጦ የጽዳት ሠራተኛዋ ጋ መድረስ ነው የከበደኝ አሉ። አንዳንድ ቀን ዋርዱን ሙሉ ይዞሩት ነበር፣ በተለይ ሁዳዴ፣ ምክንያቱም ጾም የያዘ አለቃ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አያስጠጋም (ይሄን ራሳቸው ናቸው ያሉት፣ እኔ አደለሁም)። በመንፈስ ማደጌን ያወቅሁት በጸሎቴ ርዝመት ሳይሆን ደብተሯ ላይ የሚጻፈው ስም እያነሰ ሲሄድ ነው፣ አንድ ሳምንት ባዶ ስትሆን ደሞ ደነገጥኩ፣ ተሻልኩ ወይስ ማየት አቆምኩ ብዬ አሉ። ይቺን ሦስቴ ነው ያነበብኳት።

17ኛው ከሁሉም አጠር አድርጎ ከሁሉም በላይ የወጋኝ ነው። ነህምያ ገዥ ሆኖ ሃያ ዓመት ሲቀመጥ ለገዥ የሚገባውን እንጀራ አልበላም፣ ሕዝቡ ላይ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ከራሱ ነው የተወው፣ አንተ የሰጠኸው ግን ያንተ ያልሆነ ብር ነው፣ ቸርነትህ ምን አስወጣህ? 18ኛው አረመው፣ ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ሃያ ሳይሆን አስራ ሁለት ዓመት ነው፣ ሃያ የተባለው ከንጉሡ ከአርጤክስስ ሃያኛው ዓመት እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ስለሚል ነው። 17ኛው አመሰገነ። እኔ ግን አስራ ሁለትም ይሁን ሃያ ዋጋውን ያየሁት እዛ ነው። ሰኞ ቀን ያን ሁሉ ስዘምር ከኔ የወጣ ነገር የእስኪብርቶ ቀለም ነው።

19ኛው በዚ ተናደደ። የሱፐርቫይዘር ደሞዝ ከኦፕሬተሯ በምን ያህል ይበልጣል ብላችሁ ነው፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ማዘን አይችልም ማለት ነው ወይ አለ። ልክ ነው። 20ኛዋ፣ የማድቤቷ ሴት ናት ተመልሳ፣ ብር ብቻ አደለም እኮ፣ ኤችአር (የሰው ኃይል) ቢሮ ገብቶ በስሜ ይሁን ብሎ መለመንም ዋጋ አለው፣ ያን ጊዜ የምታስይዘው ስምህን ነው አለችው።

21 የኔ ነው። ሐሙስ ከጸሎት በፊት የሥራ ደንቡን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩ። 3ኛውን መላሽ ጌታ ይባርከው፣ አንድ አንቀጽ አለ፣ በድንገተኛ ቤተሰብ ጉዳይ ያረፈደ ሠራተኛ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ፎርም ከሞላና የቅርብ ኃላፊው ካጸደቀ በወር አንዴ እንደ ፈቃድ ይያዝለታል፣ ቦነሱም አይነካም። እዛው መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ። ሄጄ ለኤችአር ሁሉንም ተናገርኩ፣ 1፡00 ያልኩት 1፡25 ነው አልኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ገና ሦስተኛ ቀኗ ስለነበር ባለ ጫማዋ ልጅ ፎርም ሞልታ ዳነች። ያቺኛዋ እሷም እናቷን ሐኪም ቤት አድርሳ ነው ስምንት ደቂቃ ያረፈደችው፣ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፣ ቀኑ ግን አልፏል፣ ኤችአር አይሆንም አለ። የቀረባትን ቦነስ ያህል ከራሴ በፖስታ አድርጌ ይቅርታ ጠይቄ ሰጠኋት።

22ኛው እዚ ላይ ነው አፉን የከፈተው። ሕሊናህን ገዛኸው፣ አሁን ደሞ የሰፈር ሀብታም መሰልክባት፣ ለ38ቱ ሁሉ ትከፍላለህ ወይ አለኝ። መልስ የለኝም፣ ምናልባት ልክ ነው። ፖስታውን ተቀብላ እዛው ፊቴ ቆጠረችው፣ እሺ ብላ ኪሷ ከተተችው፣ ኮሌታዋን ቀጠለች። የሚገርመው እኔ በሚቀጥለው ሐሙስ ካፌ ጀርባ ትመጣለች ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር። አልመጣችም። እንደጠበቅኳት ሳውቅ አፈርኩ፣ ማታ ደብተር ላይ የመጀመሪያውን ስም ጻፍኩ። የፎርሙን ነገር ግን ለሁሉም በላይን ስብሰባ ነግሬያለሁ፣ አራት ሰው ወዲያው ወሰደ።

23ኛዋ መጀመሪያ የባረከችኝ ሴት ናት። ቶሎ ብዬ አሜን አልኩህ፣ እኔም አንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ፣ እኔም የፈረምኩት አለ ብላ ሄደች፣ ምን እንደሆነ አልነገረችንም፣ ማንም አልጠየቃትም።

24ኛው አሻራ ማንሻው ተሠራ ወይ ነው የሚለው። ረቡዕ ተሠርቷል፣ ግን ጣቷ በመርፌ የተወጋ ሰው ሲነካው እምቢ ይላል፣ ወረቀቱ አሁንም አጠገቡ ተቀምጧል።